ተማሪዬ የጠየቀችኝ፦ ወደ ማርስ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግነው ማን ነው?

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የጠፈር ሳይንስ ክበብ አለን። 19 ልጆች ናቸው። ንብረታችን አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ያረጀ የሩቅ ማያ መነጽርና ከልጆቹ አንዱ ከሽቦና ከቆርቆሮ የሠራው የሳተላይት ቅርጽ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሮኬት ጋዙን ወደ ኋላ እየተፋ እንዴት ወደ ፊት እንደሚሄድ ሳስረዳ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። አባቷ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «መምህር፣ አባቴ ጅቡቲ የሚደርሰው መኪናው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ማደያ አለ፤ ጎማ የሚጠግን አለ፤ ሲበላሽበት የሚደውልለት ሰው አለ። ወደ ማርስ የሚሄዱት እነዚህን ከየት ያገኛሉ?» አለችኝ።

የሰጠኋት መልስ ራሴንም አላረካኝም። ስለ ትልልቅ ሮኬቶች ነገርኳት፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነበር። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው፣ ለዓመታት ያነበብኩት ሁሉ ስለ መኪናው እንደነበር ገባኝ።

ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ። ሰው በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ በደኅና ተጉዞና ሠርቶ እንዲመለስ አስቀድሞ ምን መሠራት አለበት? ዛሬ ያለው የትኛው ነው? የጎደለውስ? የሮኬት ስም ዝርዝር አያስፈልገኝም፤ ለ16 ዓመት ልጅ በጠመኔ ስዬ ላስረዳው የምችለውን ነው የምፈልገው።


ጡረተኛው የዲሽ ቴክኒሻን

መምህር፣ ተማሪዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎት። 31 ዓመት በሳተላይት የምድር ጣቢያ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም።

ልጅቷ ከጠራቻቸው ሦስት ነገሮች እኔ የማስቀድመው የመጨረሻውን ነው፤ ሲበላሽበት የሚደውልለትን ሰው። መኪናው የት እንደቆመ የሚያውቅ ከሌለ ማደያው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆንም አይደርስለትም። ይህ የመንገዱ ክፍል ደግሞ በከፊልም ቢሆን ተሠርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የአሜሪካው ናሳ ከ1963 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው የጥልቅ ጠፈር ግንኙነት መረብ አለ። ጣቢያዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በካሊፎርኒያ በረሃ ጎልድስቶን፣ አንዱ በስፔን ማድሪድ አጠገብ፣ አንዱ በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ። እርስ በርሳቸው በ120 ዲግሪ ገደማ ተራርቀዋል። ምድር ስትዞር ጎልድስቶን መንኮራኩሩን ከዓይኑ ሳያጣው ካንቤራ ይቀበለዋል፤ ካንቤራ ለማድሪድ ያስረክበዋል። እኛ የፈረቃ ርክክብ የምንለው ነው። በሰሌዳው ላይ አንድ ክብ፣ በክቡ ላይ ሦስት ነጥብ፣ ከክቡ ርቆ አንድ ነጥብ ይሳሉና ክቡን ያዙሩት፤ ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል። በእያንዳንዱ ጣቢያ ያለው ትልቁ ዲሽ 70 ሜትር ስፋት አለው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ወርድ ይበልጣል።

እንዲህ የሚያህል ነገር ለምን አስፈለገ? በ1977 የተነሣችው ቮያጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር ዛሬ ወደ 25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃለች። የማስተላለፊያዋ ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አይበልጥም፤ የአንድ ደብዛዛ አምፖል ኃይል ነው። ምልክቷ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይወስድበታል። ያንን ለመስማት የመቀበያውን የመጀመሪያ ማጉያ ወደ ፍፁም ዜሮ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ያለዚያ የማጉያው የራሱ ሙቀት የሚፈጥረው ጫጫታ ምልክቷን ይውጠዋል። ይህንን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ባላገኛቸውም የማከብራቸው እንደ ወንድሞቼ ነው።

አሁን የልጅቷን አባት የሚመለከት ታሪክ ልንገርዎት። በሐምሌ 2023 ወደ ቮያጀር 2 የተላከ የተሳሳተ ትእዛዝ አንቴናዋን ከምድር 2 ዲግሪ ብቻ አዞረባት። ሁለት ዲግሪ! ወዲያው ዝም አለች። ካንቤራ ያለው 70 ሜትር ዲሽ በሙሉ ኃይሉ «ወደ ምድር ተመለሺ» የሚል ትእዛዝ ላከ። ትእዛዙ እዚያ ለመድረስ 18 ሰዓት ተኩል፣ መልሱ ለመምጣት ሌላ 18 ሰዓት ተኩል ፈጀ። ነሐሴ 4 ቀን ድምፅዋ ተሰማ። ያ ትእዛዝ ባይደርስም ደግሞ መንኮራኩሯ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ራሷ ምድርን ፈልጋ አንቴናዋን እንድታቀና አስቀድሞ ታዝዛ ነበር፤ የሚቀጥለው ቀኗ ጥቅምት ላይ ነበር። ይህንን ያሰበ ሰው ችግሩ ሳይመጣ ቀድሞ ነው ያሰበው።

ከዚሁ ታሪክ ሥር አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ቮያጀር 2 ወደ ደቡብ ሰማይ ስለሄደች ትእዛዝ ሊልክላት የሚችለው ያ አንድ ዲሽ ብቻ ነው። በመጋቢት 2020 ለእድሳት ሲቆም እስከ የካቲት 2021 ድረስ ትንንሾቹ ዲሾች ይሰሟት ነበር እንጂ መደበኛ ትእዛዝ የሚልክላት አልነበረም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ማለት ነው። ተለዋጭ የለም። እኔ በሙያዬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ቃል ነው።

ለምን እንደሚነሳኝ ልንገርዎት። አንድ የክረምት ሌሊት የምሠራበት ጣቢያ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነበረ፤ ነዳጁም ሙሉ ነበር። የማስነሻው ባትሪ ግን ሞቶ ነበር። በየሳምንቱ መፈተሽ የነበረበት ሰው በዚያ ሳምንት ሳይፈትሽ ፈርሞ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አራት ሰዓት ሙሉ ዲሹ ወደ ሰማይ አፍጥጦ ምንም ሳይሰማ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መሠረተ ልማት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ ያ ባትሪና ያ ፊርማ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ቀላሉ ቀን ነው። ከባዱ ከ20 ዓመት በኋላ ባትሪው የሚፈተሽበት ቀን ነው።

ሌላው ችግር ወረፋው ነው። በኅዳር 2022 አርጤምስ 1 ወደ ጨረቃ ስትበር፣ ሰው ያልጫነች ብትሆንም፣ ከ25 ቀናት በላይ የእነዚህን ዲሾች ሰዓት ያዘች። ከእሷ ጋር የተጫኑት 10 ትንንሽ ሳተላይቶችም ዲሽ ይፈልጉ ነበር። ሌሎች ተልእኮዎች ከሰዓታቸው እየቀነሱ ለቀቁላት። ነገ ጨረቃ ላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ ቆፋሪ ማሽኖች፣ ነዳጅ የሚያመላልሱ መንኮራኩሮች አንድ ላይ ሲደውሉ ማን ይቀድማል? ጨረቃ ላይ ለሚታየው ኢንዱስትሪ ሁሉ የመጀመሪያው መሰናክል ይህ ይመስለኛል።

አውሮፓውያን በአርጀንቲና፣ በስፔንና በአውስትራሊያ 35 ሜትር ዲሾች አሏቸው፤ ሕንድም ቻይናም የራሳቸው አሏቸው። ማርስ ላይ ደግሞ ሪፒተር፣ ማለትም ምልክት ተቀብሎ የሚያሳልፍ፣ አለ። መሬት ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች አብዛኛውን መረጃቸውን የሚልኩት በላያቸው በሚዞሩት ሳተላይቶች በኩል ነው። ከእነዚህ አንዷ ኦዲሴይ እዚያ የደረሰችው በ2001 ነው። ሪፒተር 20 ዓመት ካለፈው እኔ መለዋወጫ ማዘዝ እጀምር ነበር።

በጨረር (በሌዘር) የሚደረገውንም ግንኙነት ሰምተው ይሆናል። በታኅሣሥ 2023 ሳይኪ የተባለችው መንኮራኩር ከ31 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት በሰከንድ 267 ሜጋቢት ላከች። በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጨረር ደመና አያልፍም። በሐምሌ ደመና ሥር 31 ክረምት ያሳለፈ ሰው ሬዲዮውን ንቀሉ አይልም።


መንገድ ሠሪዋ

ጋሼ ስለ ስልኩ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ስለ መንገዱ ግን እኔ ልናገር። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ለሰባት ዓመት አፋር ውስጥ መንገድ ሠርቻለሁ።

አፋር ውስጥ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ አቧራው ይነሣል፤ ትንሽ ይንሳፈፍና ይወርዳል፤ አየሩ ይዞት ነው። ጨረቃ ላይ አየር የለም። የሮኬት እሳት የነካው እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ የሚያቆመው መሬት ወይም የቆመ ዕቃ ብቻ ነው። ይህ የታየ ነገር ነው። በኅዳር 1969 ጠፈርተኞችን የጫነችው አፖሎ 12 ያረፈችው ሰርቬየር 3 የተባለው ሰው አልባ ማረፊያ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆመበት 160 ሜትር ገደማ ርቃ ነበር። ጠፈርተኞቹ ሄደው ካሜራውን ቆርጠው አመጡት። ምድር ላይ ሲመረመር በአሸዋ እንደተፈገፈገ ሆኖ ተገኘ። የፈገፈገው የእነሱ የራሳቸው ማረፊያ ያስነሣው አቧራ ነው።

እንግዲህ ጎረቤትዎ ባረፈ ቁጥር የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎ መስታወት ቢፈገፈግ አብረው መኖር ይችላሉ? በ1967ቱ የጠፈር ስምምነት መሠረት የጨረቃን መሬት የእኔ ነው ብሎ የሚያጥር አገር የለም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይጎዳ ግን ግዴታ አለበት። ስለዚህ በእኔ እምነት ጨረቃ ላይ ከመኖሪያ ቤትም ከፋብሪካም በፊት መሠራት ያለበት የተነጠፈ ማረፊያ ሜዳ ነው። መምህር፣ ይህንን ለልጆቹ ማሳየት ቀላል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ዱቄት ነስንሰው በብስክሌት መንፊያ ይንፉበት፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመንፊያው ሥር ያድርጉና ይድገሙት።

እንዴት ይነጠፋል? እኛ አፈር የምንጠቀጥቀው ውኃ አርከፍክፈን ነው። እዚያ ውኃ ከወርቅ ይልቅ ውድ ነው። ላይኛው አቧራ ልል ነው፤ ከሥሩ ግን እጅግ የተጠቀጠቀ ነው። በ1971 የአፖሎ 15ቱ ዴቪድ ስኮት መሰርሰሪያውን ከጉድጓዱ ለማውጣት ምን ያህል እንደታገለ ያየ፣ ጨረቃ ላይ ቁፋሮ ቀላል ነው የሚልን ሰው አያምንም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ተመራማሪዎች በ2023 የጨረቃን አፈር የሚመስል ዱቄት በኃይለኛ ጨረር አቅልጠው 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ንጣፎች ሠርተዋል። እንደ ኮብልስቶን ነው። የአዲስ አበባን ሰፈሮች መንገድ ያነጠፉ ወጣቶች ቢያዩት ሥራውን ወዲያው ያውቁታል።

አቧራው ማሽንም ይበላል። በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17 ተሽከርካሪ የጭቃ መከላከያው ተሰብሮ ጠፈርተኞቹ አቧራ ሲዘንብባቸው ዋለ። በማግስቱ የወረቀት ካርታዎች በፕላስተር አጣብቀው፣ በመቆንጠጫ አስረው ተኩበት። ለሦስት ቀን ሥራ ይህ ይበቃል። ለሠላሳ ዓመት ሥራ ጋራዥ ያስፈልጋል።

ስለ ማደያው አጭር ነገር ልበል። በጥቅምት 2009 ናሳ ሆን ብሎ ከጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አጠገብ ካቤውስ ወደተባለው ጉድጓድ የሮኬት ቅሪት ጥሎ፣ ከተነሣው ብናኝ ውስጥ ውኃ አግኝቷል፤ ከአፈሩ ክብደት 5 በመቶ ገደማ ተብሎ ተገመተ። ውኃ ካለ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለ፤ ያ ደግሞ የሮኬት ነዳጅ ነው። ነገር ግን እነዚያ ጉድጓዶች ፀሐይ አይተው አያውቁም፤ ቅዝቃዜያቸው ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። በዚያ ቅዝቃዜ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ቅባት ይደርቃል። ውኃ መኖሩን ማወቅና ማደያ መክፈት በመካከላቸው ረጅም መንገድ አለ፤ ያንን መንገድ ዘለው የሚያወሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።


የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ

እኔ ኦክስጅን ነው ሥራዬ፤ ስለዚህ በኦክስጅን በኩል ልግባ።

ፐርሲቨራንስ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ሞክሲ የሚባል ሣጥን ይዛ ነበር። የማርስን አየር፣ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ እየሳበ ኦክስጅን ያወጣል። ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በጠቅላላው 122 ግራም አወጣ። አንድ ሰው በቀን ወደ 840 ግራም ይፈልጋል። ሲሰላ የሁሉም ድምር ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ነው ብሎ የሚያጣጥል ካለ እኔ አልስማማም። ከዚያ በፊት በሌላ ፕላኔት ላይ ሰው ሊተነፍሰው የሚችል አንድ ግራም እንኳ ተሠርቶ አያውቅም። ሥራው መጀመሩ ታይቷል፤ የቀረው ማሽኑን ማግዘፍና ሳይቆም ማሠራት ነው። እሱ ደግሞ የእኔ ዓይነት ሰዎች ሥራ ነው።

ሰው የሚረሳው ግን ማጋጠሚያውን ነው። አንድ ጊዜ በምሠራበት ሆስፒታል ከሦስት ለጋሾች የመጡ የኦክስጅን መቆጣጠሪያዎች ነበሩን። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ሲሊንደራችን ላይ የአንዳቸውም ጥርስ አልገጥም አለ። ሕፃን ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ኦክስጅኑ ሞልቶ ቆሞ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የአውራ ጣት የሚያህል ናስ ጠፋ። ልጁ ተረፈ፤ ከሌላ ክፍል የተነቀለ አሮጌ መቆጣጠሪያ ነው ያተረፈው። እጄ ግን እስከ ዛሬ ያንን ናስ ይፈልጋል።

በሚያዝያ 1970 አፖሎ 13 ላይ የሆነው ይኸው ነው። የኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ሦስቱ ሰዎች ወደ ማረፊያ መንኮራኩሩ ሲሸሹ፣ የትንፋሻቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጠራው ማጣሪያ ማነስ ጀመረ። በዋናው መንኮራኩር ውስጥ ትርፍ ማጣሪያ ሞልቷል፤ እሱ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ የማረፊያው ቀዳዳ ክብ። ሁለቱንም ያሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በላስቲክ፣ በካርቶንና በፕላስተር አገናኝተው ነው የተረፉት።

መምህር፣ ለልጆቹ ይህንን ይንገሯቸው። ዛሬ መንኮራኩሮች እርስ በርስ የሚገጣጠሙበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ በ2010 ወጥቷል፤ ማንም አውርዶ ሊያነበው ይችላል። የጠፈር ልብሶች፣ የአየር ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ግን ገና በየፊናቸው ናቸው። ማርስ ላይ ከሌላ ክፍል የሚነቀል አሮጌ መቆጣጠሪያ አይኖርም።


የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሁሉንም በእጄ ገልብጬ ወስጄ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። የጋሼ ባትሪ ታሪክ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ።

አንድ ጥያቄ ተጨመረ። የልጅቷ አባት ከመነሣቱ በፊት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት እንደሆነ ሾፌሮች እየደወሉ ይጠያየቃሉ። ጠፈር ላይስ ጎርፍ መምጣቱን ማን ይናገራል?


ጡረተኛው የዲሽ ቴክኒሻን

መምህር፣ ጎርፉ ከፀሐይ ነው የሚመጣው።

አፖሎ 16 በሚያዝያ 1972 ተመለሰች፤ አፖሎ 17 በታኅሣሥ ሄደች። በመካከላቸው፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ፀሐይ እጅግ ኃይለኛ ማዕበል ተፋች። በቬትናም ባሕር ውስጥ የተቀበሩ በርካታ የአሜሪካ ፈንጂዎች መርከብ ሳይነካቸው እስኪፈነዱ ድረስ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ተናወጠ። በዚያ ቀን ጨረቃ ላይ የሚሄድ ሰው ቢኖር በልብሱ ብቻ ያንን ጨረራ ይቀበል ነበር። ማንም ያልነበረው በቀን መቁጠሪያ አጋጣሚ ነው፤ የሚጠብቃቸው ሥርዓት ስለነበረ አልነበረም። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል።

ዛሬ ከምድር ወደ ፀሐይ በኩል 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ዘበኞች ቆመዋል። ሶሆ የተባለችው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፀሐይን ታያለች፤ ሌሎች የሚያልፈውን የፀሐይ ነፋስ ይለካሉ። የማዕበሉ ደመና በእነሱ ላይ ካለፈ በኋላ ምድር እስኪደርስ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀራል። ፈጣኖቹ ቅንጣቶች ግን በደቂቃዎች ይደርሳሉ፤ ስለዚህ መጠለያው ሰው በሩጫ በሚደርስበት ቦታ መሠራት አለበት።

ማርስ ላይ ይህ ይጎድላል። ማርስ ብዙ ጊዜ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ትሆናለች፤ የእኛ ዘበኞች የማያዩትን የፀሐይ ጀርባ የምታየው እሷ ናት። ፐርሲቨራንስ ካሜራዋን ወደ ፀሐይ እያዞረች ጥቁር ነጠብጣቦቹን ትቆጥራለች፤ ለምድር ትንበያ ይረዳል። በግንቦት 2024 ኪዩሪዮሲቲ ማርስ ላይ ካረፈች ጀምሮ ያልለካችውን ከፍተኛ ጨረራ ለካች፤ ሰው ቢኖር በአንድ ጊዜ 30 የደረት ራጅ እንደመነሣት ነበር። በፀሐይ ዙሪያ፣ በሁሉም አቅጣጫ፣ ተረኛ ዘበኛ እስኪቆም ድረስ ማርስ ላይ ሰው ማስፈር ጎርፍ ባለበት ሸለቆ ያለ ጠባቂ ማደር ነው።

አንድ የተረሳ ነገርም አለ፤ ሰዓት። የስበት ኃይሏ ትንሽ ስለሆነ ጨረቃ ላይ ያለ ሰዓት ከምድሩ በቀን 56 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ምንም አይመስልም። ብርሃን ግን በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል፤ ልጆቹ ያባዙት፤ በአንድ ቀን ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቦታ ስሕተት ነው። ለዚህ ነው ለጨረቃ የራሷ የጋራ ሰዓት እየተዘጋጀላት ያለው። በመጋቢት 2025 ጨረቃ ላይ ያረፈ መሣሪያ ከምድር የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ አውቋል። ይህንን ስሰማ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት።


የአስመራ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ስለ ዲሾቹ ስታወሩ ልጅነቴ መጣብኝ። ያደግሁት አስመራ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ኤርትራ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን። አሜሪካኖች ቃኘው የሚባል የጦር ሰፈር ነበራቸው። ስሙ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦርም በእሱ ተጠርቷል። አባቴ በሰፈሩ ግቢ ሾፌር ነበሩ። ከከተማው ዳር ሁለት ግዙፍ ዲሾች ይታዩ ነበር። ትልቁ ሲዞር ቀስ ብሎ ነበር፤ እኛ ልጆች ቆመን እናየው ነበር። ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን አልነበረም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው እዚህ አገር ሆኜ ያነበብኩት። ዲሾቹ 46 እና 26 ሜትር ነበሩ። ሶቪየቶች ወደ ጨረቃ፣ ወደ ቬነስና ወደ ማርስ የላኳቸው መንኮራኩሮች መረጃቸውን የሚያወርዱት ክራይሚያ ላይ ያለው ጣቢያ በሚያያቸው ሰዓት ነው። አስመራ በዚያው ኬንትሮስ አቅራቢያ ናት፤ ደጋም ናት። ስለዚህ ሶቪየቶች የሚሰሙትን አሜሪካኖች ከእኛ ከተማ ዳር ያዳምጡ ነበር። ጣቢያው በ1975 ተዘጋ። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዘመን የናሳ 26 ሜትር ዲሽ ነበራት፤ በ1965 ማሪነር 4 የላከቻቸውን የማርስ ሥዕሎች ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ እሱም በ1974 ተዘጋ።

ለመምህሩ የምለው አንድ ነገር ነው። የእኛ ደጋ ለዚህ ሥራ ሲፈለግ የኖረ ቦታ ነው። ከላይ ከተጠሩት ሦስት ነጥቦች አንዱ እንኳ በአፍሪካ የለም ዛሬ። አባቴ በዚያ በር ላይ ለዓመታት ሲገቡና ሲወጡ አንድም ቀን የዲሹን ክፍል አላዩም። በ2019 የኢትዮጵያ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጥታ ከእንጦጦ መቆጣጠር ሲጀመር አለቀስኩ፤ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት፤ ማዳመጫው ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ግን የእኛው ልጆች ነበሩ። ልጅቷን ወደዚያ ክፍል ይውሰዷት።


የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)

አባቴ፣ እንጦጦ ለመሄድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱ ሲመጣ እነግርዎታለሁ።

የትናንቱን ሐሙስ ልንገራችሁ። የሰማሁትን ሁሉ ከማስረዳት ይልቅ አንድ ነገር አደረግን። አንድ ልጅ ዓይኑ ተሸፍኖ በሜዳው እንዲሄድ፣ ሌላዋ ከክፍል ሆና በወረቀት እንድትመራው አደረግሁ። ወረቀቱን የሚያደርሰው ልጅ በየመንገዱ ሦስት ደቂቃ ይቆማል፤ ማርስ በጣም ስትቀርበን መልእክት የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል። ልጁ ሁለት ጊዜ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። በሦስተኛው «መልእክት ካልደረሰኝ አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ» የሚል ደንብ ራሳቸው አወጡ። የቮያጀርን የጥቅምት ቀጠሮ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ ተማሪ ደግሞ የአባቷን ደብተር ይዛ መጣች። ሾፌሩ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዲቼኦቶ፣ ጋላፊ፤ በእያንዳንዱ ሥር ጎማ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ። የተሰረዙ ስሞች አሉበት፤ ሰውየው ሞቶ ወይም ለቆ ይሆናል፤ በላያቸው አዲስ ስም ተጽፏል።

ያንን አስመስለን በሰሌዳው ላይ ሌላ ሠራን። ምድር፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ከዚያም ከማርስ ወዲያ ያለው የድንጋይ አለቶች ቀበቶ። በ«ስልክ» ረድፍ ምድር ላይ ሦስት ከተሞች፣ ማርስ ላይ ኦዲሴይን ጻፍን። በ«ዘበኛ» ረድፍ ሶሆ። በ«አየር» ረድፍ 122 ግራም። በ«ጎማ ጠጋኝ» ረድፍ ምንም አልጻፍንም። የጽዳት ሠራተኛዋ ሰሌዳውን እንዳያጠፉት ልጆቹ ከሥሩ «እባክዎን ይተዉልን፣ አልጨረስንም» ብለው ጽፈው ሄዱ።